በአስፋልትና በፒስታ መንገድ የሚሄዱ ሁለት ሞተር ብስክሌቶች፤ አጭር ንጽጽር

መግቢያ

አንድ ተሽከርካሪ በአስፋልት ላይ ፈጣንና የተረጋጋ እንዲሆን የሚያስፈልገው ነገር፥ በድንጋይና በጭቃ መንገድ ላይ ከሚያስፈልገው ጋር ብዙ ጊዜ ይቃረናል። አባቶቻችን ለሜዳው ፈረስ፥ ለገደሉና ለዳገቱ በቅሎ ያዘጋጁ የነበረው ያለ ምክንያት አልነበረም። የሞተር ብስክሌት ሠሪዎች ግን ከዐርባ ዓመት በላይ ሁለቱን ጠባይ በአንድ ሞተር ብስክሌት ላይ ለማዋሐድ ሲደክሙ ቆይተዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለት የታወቁ ሥራዎቻቸውን አነጻጽሮ፥ በመካከላቸው ካሉት ልዩነቶች ጋላቢውን በእውነት የሚነካው የትኛው እንደ ሆነ ማሳየት ነው። በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ይህን ዐይነት በሰፊው ያስተዋወቀው የጀርመኑ ቢ ኤም ደብሊው ኩባንያ በ1980 ዓ.ም. ያወጣው አር 80 ጂ/ኤስ ነው። ሁለቱ ፊደላት የጀርመንኛ ቃላት መነሻ ሲሆኑ፥ አንደኛው ያልተጠረገ ምድርን፥ ሁለተኛው ጐዳናን ያመለክታል። ኀይሉ 50 የፈረስ ጕልበት፥ ክብደቱም 186 ኪሎ ግራም ነበረ። ስሙን ያስጠራው ከፓሪስ ተነሥቶ በሰሐራ አቋርጦ ዳካር ይደርስ የነበረው ውድድር ነው፤ በ1981 ዓ.ም. ኡቤር ኦርዮል በዚሁ ኩባንያ ሞተር ብስክሌት አሸንፏል። የጃፓኑ ያማሃ በበኩሉ ውድድሩ በተጀመረበት በ1979 ዓ.ም. በሲሪል ኔቮ ጋላቢነት ድል አድርጎ ነበር። ከጥቂት ዓመት በኋላም ለረዥም ጉዞ ላዘጋጀው ሞተር ብስክሌት በኒጀር አገር የሚገኘውን የቴኔሬን በረሓ ስም ሰጠው።

እነሆ፥ የምናነጻጽራቸው የእነዚህ የልጅ ልጆች ናቸው። አንደኛው በ2018 ዓ.ም. ተገልጦ እስከ 2023 ዓ.ም. ዋናው የኩባንያው ሥራ የነበረው ቢ ኤም ደብሊው አር 1250 ጂ ኤስ ነው። ሁለተኛው በ2019 ዓ.ም. ለገበያ የቀረበው ያማሃ ቴኔሬ 700 በመጀመሪያ መልኩ ነው። ከዚህ በታች «የጀርመኑ» እና «የጃፓኑ» እያልን እንጠራቸዋለን።

ሀ. ሠሪዎቹ የሰጡት ልክ

የሞተር ይዘት፤ የጀርመኑ 1254፥ የጃፓኑ 689 ሴንቲ ሜትር ኩብ።
ኀይል፤ የጀርመኑ 136፥ የጃፓኑ 73 የፈረስ ጕልበት።
ነዳጅና ዘይት ተሞልቶ ያለው ክብደት፤ የጀርመኑ 249፥ የጃፓኑ 204 ኪሎ ግራም።
የነዳጅ ማጠራቀሚያ፤ የጀርመኑ 20፥ የጃፓኑ 16 ሊትር።
የፊትና የኋላ ቸርኬ ስፋት፤ የጀርመኑ 19 እና 17፥ የጃፓኑ 21 እና 18 ኢንች።
የፊት ሞላ ወደ ታች የሚሄድበት ልክ፤ የጀርመኑ 19፥ የጃፓኑ 21 ሳንቲ ሜትር።

ይህን ዝርዝር ያየ ሰው ዐይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው በፈረስ ጕልበቱ ላይ ነው። እኛም ከዚያው እንጀምር።

ለ. ስለ ኀይል

ጋላቢው ከነጓዙ 100 ኪሎ ግራም ይመዝናል እንበል። የጀርመኑ ጠቅላላ ክብደት 349፥ የጃፓኑ 304 ኪሎ ግራም ይሆናል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ 100 ኪሎ ግራም የጀርመኑ 39፥ የጃፓኑ 24 የፈረስ ጕልበት ይደርሰዋል። በረዥም አስፋልት ላይ፥ ይልቁንም ሁለት ሰው ተቀምጦ ዳገት ሲወጣና የጭነት መኪና ሲቀድም፥ ይህ ትልቅ ብልጫ ነው።

ከፍታም ሊታሰብ ይገባል። እንደ አዲስ አበባ 2400 ሜትር ገደማ በሆነ ስፍራ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ወለል በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ሞተሩም በዚያው መጠን ይዳከማል፤ የጀርመኑ ወደ 107፥ የጃፓኑ ወደ 58 የፈረስ ጕልበት ይወርዳል። ሁለቱም ነዳጁን በኤሌክትሪክ መለኪያ የሚረጩ ስለ ሆኑ ቅልቅሉን እንደ አየሩ ያስተካክላሉ እንጂ፥ የጐደለውን አየር ሊተኩ አይችሉም። ይሁን እንጂ በፒስታ መንገድ በሰዓት 40 እና 50 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ሰው 58 የፈረስ ጕልበትም ከበቂ በላይ ነው። ከአስፋልት ስንወጣ እንግዲህ የኀይል ልዩነት ትርጉሙን ያጣል።

ሐ. ስለ መንኰራኵርና ስለ ሞላ

ትልቅ የፊት መንኰራኵር ድንጋይን በቀላሉ ይወጣል ሲባል ዘወትር ይሰማል። ነገሩ እውነት ነው፤ መጠኑን ግን ማስላት ይገባል። የፊት መንኰራኵሩ ከነጎማው ከዳር እስከ ዳር የጃፓኑ 69.5፥ የጀርመኑ 65 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። የ10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ድንጋይ ቢገጥማቸው፥ በላያቸውም ያለው ጭነት እኩል ነው፥ ጎማውም አይጨመቅም ብንል፥ ትልቁ መንኰራኵር ለመውጣት የሚፈልገው ግፊት ከትንሹ የሚያንሰው በ5 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የፊት ሞላዎቹም ልዩነት 2 ሳንቲ ሜትር ነው። እነዚህ ይጠቅማሉ፤ ግን ሰዎች እንደሚያወሩት የሰማይና የምድር ያህል አይራራቁም።

ከዚህ ይልቅ የጎማው ወርድ የበለጠ ይታያል። የጃፓኑ የፊት ጎማ ወርድ 9፥ የጀርመኑ 12 ሳንቲ ሜትር ነው። ጠባቡ ጎማ በአሸዋና በለስላሳ ጭቃ ላይ ሰንጥቆ አቅጣጫውን ሲይዝ፥ ሰፊው በአስፋልት ጥምዝ ላይ ብዙ መሬት ይጨብጣል። ክረምት የጠገበ ዋልካ ግን ለሁለቱም አይመለስም፤ ጎማቸውን ለብሶ ጥርሱን ስለሚሞላው ሁለቱም እኩል ይንሸራተታሉ።

መ. ስለ ክብደት

ከላይ ያየናቸው ልዩነቶች በመንገዱ ዐይነት ይቀንሳሉ ወይም ይጨምራሉ። የክብደት ልዩነት ግን በአስፋልትም በፒስታም ያው 45 ኪሎ ግራም ነው፤ ከግማሽ ኩንታል እህል ጥቂት ቢያንስ ነው። በእኩል ፍጥነት ሲሄዱ ፍሬኑ ሊያቆመው የሚገባው ጕልበት በጀርመኑ ላይ በ15 በመቶ ይበልጣል። በጠጠር ቍልቍለት ላይ ይህ በግልጽ ይሰማል።

ለጀርመኑ የሚነገር ነገርም አለ። ሁለቱ ሲሊንደሮቹ ግራና ቀኝ ተዘርግተው ዝቅ ብለው ስለ ተቀመጡ ክብደቱ ወደ መሬት ይቀርባል፤ በዝግታ ሲሄድም ከሚጠበቀው በላይ ይታዘዛል። ሲወድቅም በሲሊንደሩ ላይ ስለሚያርፍ ፈጽሞ አይጋደምም። ነገር ግን ያው ሲሊንደር በጠባብ ድንጋያማ መንገድ አስቀድሞ የሚመታው እሱ ነው።

ፍሬ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ከአስፋልት የወጣ ሞተር ብስክሌት፥ ጋላቢው የቱን ያህል ቢሠለጥን፥ አንድ ቀን መውደቁ አይቀርም። ያን ጊዜ ጥያቄው «ስንት የፈረስ ጕልበት አለው?» መሆኑ ቀርቶ «ብቻዬን አነሣዋለሁን?» ይሆናል። መንኰራኵሮቹ መሬት ይዘው ከፊሉን ስለሚሸከሙ አንሺው ሙሉውን ክብደት አይሸከምም። ቢሆንም ተዳፋት ላይ፥ ጓዙ እንደ ተጫነ፥ ለሦስተኛ ጊዜ ሲያነሣ የአንድ ሰው ጕልበት የሚያልቀው በዚሁ በ45 ኪሎ ግራም ልዩነት ነው። ሰው በማያልፍበት ስፍራ ይህ የምቾት ጉዳይ ሳይሆን ወደ ቤት የመመለስና ያለመመለስ ጉዳይ ነው።

ሠ. ስለ ጥገና

የጀርመኑ ኀይል ወደ ኋላ መንኰራኵር የሚተላለፈው በሽፋን ውስጥ በሚሽከረከር የብረት ዘንግ ነው። አቧራና ጭቃ አይነካውም፤ በየዕለቱ ዘይት መቀባትና ማጥበቅም አያሻውም። የጃፓኑ በካቴና ይሠራል። ካቴና አቧራ ይበላዋል፥ ይላላል፥ በየጊዜውም ይለወጣል። ነገር ግን ጋላቢው ራሱ በጥቂት መሣሪያ መንገድ ዳር ሊለውጠው ይችላል፤ ዘንጉ ከተበላሸ ግን ያለ ባለሙያ አይነካም።

በጎማም እንዲሁ ነው። የጀርመኑ ጎማ ካለማዳሪ የለውም፤ ምስማር ቢወጋው ሳይፈታ ከውጭ ይደፈናል። ቸርኬው በድንጋይ ከተጣመመ ግን አየር አይዝም። የጃፓኑ ካለማዳሪ ስላለው መንኰራኵሩን መፍታት ግድ ይላል፤ ይሁን እንጂ ይህን ሥራ የማያውቅ ጎሚስታ የለም። በጠቅላላው የጀርመኑ እምብዛም አያስቸግርም፤ የጃፓኑ ግን ሲያስቸግር በቅርብ መፍትሔ ይገኝለታል።

ማጠቃለያ

ለአንድ ጉዞ ከሚሄደው 100 ኪሎ ሜትር ውስጥ ሰማንያው አስፋልት የሆነ፥ ሁለተኛ ሰው የሚያሳፍር፥ የኩባንያው ጋራዥም በሚገኝበት አገር የሚሄድ ሰው የጀርመኑን ቢመርጥ አይሳሳትም። የመንገዱ እኩሌታ ጠጠርና ድንጋይ የሆነበት፥ ብቻውንም የሚጓዝ ሰው ግን የጃፓኑን መያዝ ይገባዋል፤ ዋጋውም ከጀርመኑ ያነሰ ነው።

ሠሪዎቹም ክብደት የቱን ያህል እንደሚያስጨንቅ ያውቃሉ። ከ186 ተነሥቶ 249 ኪሎ ግራም የደረሰው የጀርመኑ ሐረግ፥ በ2023 ዓ.ም. በወጣው አር 1300 ጂ ኤስ ወደ 237 ወርዷል፤ ኀይሉ ግን ወደ 145 የፈረስ ጕልበት ከፍ ብሏል።

ይህ መለኪያ ለሁለቱ ብቻ የተወሰነ አይደለም። ከመካከላችን ትምህርቱን ፈጽሞ በጤና ወይም በእርሻ ሥራ ወደ ገጠር የሚሄድ ሰው ሞተር ብስክሌት ይሰጠው ይሆናል፤ ወይም ለመሥሪያ ቤቱ እንዲመርጥ ይጠየቅ ይሆናል። የሚሰጠው ከሁለቱም ያነሰ እንደሚሆን የታወቀ ነው። ቢሆንም ከፈረስ ጕልበቱ ዝርዝር አስቀድሞ ሞተር ብስክሌቱን በጓሮ በኩል መሬት ላይ አጋድሞ፥ ብቻውን ለማንሣት ይሞክር። መልሱን ከዚያው ያገኘዋል።