ጢስ በአየር ላይ ሲታይ

በአይሮፕላን ውስጥ የጢስ ማስጠንቀቂያ ሲሰማ ነጂዎቹ ከሁሉ አስቀድመው የራሳቸውን የኦክሲጅን ጭምብል ያጠልቃሉ። ለራሳቸው አደሉ የሚል ቢኖር ይሳሳታል፤ የነጂው ዓይን በጢስ ከታወረ ተሳፋሪውን የሚያሳርፍ የለምና። ከዚያም ወደ ቅርቡ ማረፊያ ይፈጥናሉ።

ዳሩ ግን ማረፍ ብቻውን አያድንም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በነሐሴ 1980 ዓ.ም. ከሪያድ የተነሣው የሳዑዲ አይሮፕላን በኋለኛው የዕቃ ክፍል ጢስ መኖሩ ስለ ታወቀ ተመልሶ በደኅና መሬት ነካ፤ ነገር ግን ሰዎቹን የማስወጣቱ ነገር ስለ ዘገየ በውስጡ የነበሩት 301 ነፍስ ሁሉ አለቁ።

ስለዚህ ከቤተ ሰቡ ጋር የሚሳፈር ሰው፣ አስተናጋጆቹ ውጡ ባሉ ጊዜ ሻንጣውን ትቶ የልጆቹን እጅ ይያዝ። ከመቀመጫው እስከ መውጫው በር ያለውን የወንበር ረድፍም አስቀድሞ ይቍጠር፤ ጢሱ ዓይን ቢከለክል እየዳሰሰ ይደርስበታልና።