«ሽንቴ እንዳይመጣ ውሃ አልጠጣም»፦ የሰመራ መንገድና ጤናችን

በዚህ ወር ስለ ረጅም የአውቶብስ ጉዞ እንነጋገራለን። በተለይ የምናነሳው ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአዋሽ፣ በገዋኔና በሚሌ አድርጎ ሰመራ የሚገባውን መንገድ ነው። ርዝመቱ 600 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ማለዳ ጃኬት ደርበን የምንሳፈርበት ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። አዋሽ ሰባት ኪሎ 1,000 ሜትር ገደማ፣ መልካ ወረር 750፣ ሰመራ ደግሞ 430 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፤ አውቶብሱ ግን በአንድ ቀን በረሃ ያስገባናል።

እዚህ መልካ ወረር ከአውቶብስ ወርደው ወደ መድኃኒት ቤት የሚመጡ መንገደኞች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት የራስ ምታት ክኒን ነው። እኔ ደግሞ ክኒኑን ከመስጠቴ በፊት «ዛሬ ምን ያህል ውሃ ጠጡ?» እላለሁ። ሴቶቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሽንቴ እንዳይመጣ ብዬ ከትናንት ማታ ጀምሮ አልጠጣሁም» ይሉኛል። ይህን መልስ ስንፍና ነው ማለት አይቻልም። አውቶብሱ ገላጣ ሜዳ ላይ ሲቆም ወንዱ ወረድ ብሎ ይመለሳል፤ ሴቷ ግን የምትከለልበት ቁጥቋጦ እንኳ የላትም።

ነገር ግን ዋጋው ከባድ ነው። በሙቀት ጊዜ ሰውነት ራሱን የሚያቀዘቅዘው በላብ ነው፤ ላብ ደግሞ የሚወጣው ከምንጠጣው ውሃ ነው። ውሃው ሲያልቅ ደም ይቀንሳል፣ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ ራስ ይፈልጣል፣ ሲነሱ ያዞራል። ሽንት መቋጠር ሲጨመርበት ደግሞ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያስከትላል። የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው ይብስበታል፤ ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ ፈጽሞ መሞከር የለባትም።

ስለዚህ ከአዋሽ በታች ባለው መንገድ ጤነኛ አዋቂ በየሰዓቱ ሁለት ብርጭቆ ያህል፣ ጥቂት በጥቂት፣ ይጠጣ። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ኖሮበት ሐኪም ፈሳሽ የመጠነለት ሰው ግን ከመጓዙ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። ለሽንት ደግሞ አዋሽ፣ ገዋኔና ሚሌ ላይ ቆም እንዲልላችሁ ገና ከመናኸሪያው ሳትወጡ ለሾፌሩና ለረዳቱ ተናገሩ። አንዲት ሴት ብቻዋን ስትጠይቅ ይስቁባት ይሆናል፤ አምስት ሆነው ሲጠይቁ ግን ይቆማል። ሰፊ ሽርጥ ወይም ጋቢ ብትይዙ ለመከለያ ይሆናል። ገንዘብ ለመቆጠብ ከሆነ መንገድ ላይ «ሃይላንድ» ከመግዛት ይልቅ ከቤት የተፈላና የቀዘቀዘ ውሃ በአምስት ሊትር ጀሪካን መያዝ ይሻላል። ጀሪካኑ እግራችሁ ሥር ይሁን እንጂ ፖርቶ መጋላ ላይ አይሰቀል። የያዛችሁት ውሃ ለመጠጥ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ሸሪዓው ተየሙም እንደሚፈቅድም አትርሱ።

ኦ አር ኤስ የያዛችሁ ከሆነ አንዱ ፓኬት የሚበጠበጠው በአንድ ሙሉ ሊትር ውሃ ነው። ብዙ ሰው በግማሽ ሊትር ላስቲክ ውስጥ ሙሉውን ይጨምራል፤ ይህ ጨው ያበዛል፣ ለሕፃን ደግሞ አደገኛ ነው። በለስላሳ መጠጥም አይበጠበጥም። ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል። ጫት ግን መፍትሔ አይደለም። የልብ ምትንና የሰውነትን ሙቀት ከፍ ያደርጋል፤ ረሃብንም ያስረሳል።

ሌላው የመስኮት ጉዳይ ነው። «ንፋስ ይመታኛል» እየተባለ 60 ሰው የጫነ አውቶብስ ተዘግቶ ይሄዳል። ላብ የሚያቀዘቅዘው አየር ሲያደርቀው ነው፤ በታፈነ ቦታ ግን ዝም ብሎ ይንጠባጠባል። በዚያ ላይ ከመካከላችን የሳንባ ነቀርሳ ያለበት ሰው ቢኖር የተዘጋ መስኮት በሽታውን ለሁላችን ያካፍላል። ንፋሱን የሚፈራ ሰው በነጠላ ይሸፈን እንጂ መስኮቱ ይከፈት።

አሁን ወደ መድኃኒት እንምጣ። «ልጄ አውቶብስ ላይ እንዲተኛልኝ» ብለው ፕሮሜታዚን የሚጠይቁ እናቶች አሉ። እባካችሁ፣ ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ይህ መድኃኒት አይሰጥም፤ ትንፋሹን ሊያቆም ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2004 እ.ኤ.አ. ከፍተኛ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍበት ያደረገው በዚህ ምክንያት ነው። የሚያስመልሳቸው አዋቂዎችም ቢሆኑ እንዲህ ያሉ የማቅለሽለሽ ክኒኖች ላብን እንደሚቀንሱ ይወቁ፤ ስለዚህ ከጥላ ወገን መቀመጥና ውሃውን አለመርሳት ያስፈልጋል። ከፊት ወንበር ተቀምጦ ርቆ ያለውን መንገድ ማየት ብዙዎችን ያለ ክኒን ይረዳል።

የስኳር ሕመምተኞች ኢንሱሊናቸውን በሻንጣ አድርገው ጣራ ላይ አይጫኑ። የተከፈተው ኢንሱሊን ከ30 ዲግሪ በላይ መቆየት የለበትም፤ አፋር ውስጥ በበጋ ብቻ ሳይሆን በክረምትም ጥላው ራሱ ከዚያ ይበልጣል። በፌስታል ጠቅልለው፣ በራሰ ጨርቅ ከበው፣ ነፋስ በሚያገኘው የእጅ ቦርሳ ይያዙት። በረዶ እንዲነካው አያድርጉ፤ አንዴ ከቀዘቀዘና ከረጋ አይሠራም። ግሊቤንክላማይድ የሚወስዱም ሰዎች ክኒኑን ጠዋት ውጠው ምሳ አዋሽ እበላለሁ ብለው አይመኩ። ጎማ ከፈነዳ ምሳው ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል። በኪስ ቴምር ወይም ከረሜላ ይኑር። ጎረቤት ወንበር ላይ ያለ የስኳር ሕመምተኛ ካላበውና ከፈዘዘ «እንቅልፍ ነው» ብላችሁ አትተዉት፤ መዋጥ ከቻለ ጣፋጭ ስጡት።

በረመዷን ይህን መንገድ የሚሄድ ሰው ሙሳፊር ነው። ማፍጠርና በኋላ ቀዷ ማውጣት ተፈቅዶለታል። «እኔ እችላለሁ» ብሎ እየዞረበት የሚጾም ሰው ሩኽሳው ለማን እንደተሰጠ ያስብ።

አንድ መንገደኛ መዘባረቅ ወይም ራሱን መሳት ከጀመረና ሰውነቱ ከጋለ ሙቀት መትቶታል፤ ላብ ቢኖረውም ያው ነው። ጥላ ውስጥ አስተኝታችሁ ልብሱን አላሉ፣ ውሃ አፍስሱበት፣ አራግቡት፣ ቅርብ ወዳለው ጤና ተቋም አድርሱት። ራሱን ለሳተ ሰው ውሃ በአፉ አይሰጥም። ፓራሲታሞልም ይህን ትኩሳት አያወርድም።

ከደጋ መጥታችሁ በአዋሽ ሸለቆ ላይ ያደራችሁ ሰዎች አጎበር ውስጥ ተኙ። ወባ ብዙውን ጊዜ ትንኟ ከነከሰች ከአንድ ሳምንት በኋላ ነው የሚታየው። ስለዚህ ቤታችሁ ተመልሳችሁ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ትኩሳት ቢይዛችሁ ለሐኪሙ የመጀመሪያው ንግግራችሁ «አፋር ሄጄ ነበር» የሚል ይሁን።