«ራም 8 ጊጋ» ብሎ ግዢ የለም

ዛሬ ጠዋት የአንድ መሥሪያ ቤት ሹፌር 12 ኮምፒውተርና 12 ራም ጭኖልኝ መጣ። «ዛሬውኑ ይገጠም ተብሏል» አለኝ። ማሽኖቹ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 3050 ማይክሮ ናቸው፣ በአንድ እጅ የሚያዙት። ራሞቹ ግን ከ13 ሴንቲ የሚበልጡ የትልቅ ዴስክቶፕ ራሞች! ማሽኑ ራሱ እኮ ቁመቱ 18 ሴንቲ ገደማ ነው፤ የሚቀበለው ራም ደግሞ 7 ሴንቲ አይሞላም። የአንዱ ራም ጠርዝ ተፍቋል፤ በጉልበት የታገለ ሰው አለ ማለት ነው።

ተናድጄ ነው የምጽፈው፣ ፊደል ብገድፍ እለፉኝ።

1. ማይክሮ፣ ሚኒ፣ ታይኒ የሚባሉት ትንንሽ ዴስክቶፖች የሚወስዱት የላፕቶፕ ራም ነው። ሞኒተር የሚጫንባት ጠፍጣፋዋ ግን የትልቁን ትወስዳለች።

2. ዲዲአር 3 በዲዲአር 4 ቦታ አይገባም። አትሞክሩት።

3. ከመግዛታችሁ በፊት ታስክ ማናጀር፣ ፐርፎርማንስ፣ ሚሞሪ። ፍጥነቱ፣ ስንት ስሎት እንደተያዘ፣ የራሙ ቅርጽ፣ ሁሉም እዚያው ተጽፏል። በነፃ!

4. የግዢ ጥያቄ ስትጽፉ... እሱን ተዉት፣ በቁጥር አያልቅም። ወረቀቱን አየሁት። «ራም 8 ጊጋ ለኦፕቲፕሌክስ 3050» ይላል፣ በቃ። 3050 እኮ በታወርም፣ በጠፍጣፋም፣ በማይክሮም የወጣ ስም ነው! አቅራቢው የታወሩን አመጣ፤ በወረቀት ከሄድን ጥፋት የለበትም። ሦስት ፕሮፎርማ ተሰብስቧል፣ ሦስቱም የማይገባ ራም ነው፤ ከማይገቡት መካከል ርካሹ አሸንፏል። ኮሚቴው ፈርሟል። ንብረት ክፍል ቆጥሮ በሞዴል 19 ገቢ አድርጓል። ይህ ሁሉ ፊርማ ሲሰበሰብ አንድ ማሽን ከፍቶ ያየ ሰው የለም፤ የማሽኑ ክዳን የሚይዘው በአንዲት ብሎን ነው። የአይቲ ባለሙያቸውን ደውዬ ብጠይቀው «እኔን ማን ጠየቀኝ?» አለኝ። አሁን ይመለስ ቢባል ዕቃው አንዴ ገቢ ሆኗል፤ መመለሱ ከመግዛቱ ይብሳል።

ደግሞ በየግሩፑ «የሁለቱ ራሞች ማርካ ካልተመሳሰለ ማሽኑ ይቃጠላል» የምትሉ፣ እባካችሁ። 4 ጊጋ ባለበት ላይ 8 ብትጨምሩ 12 ይሆናል፣ ይሠራል። ፍጥነታቸው ከተለያየ ሁለቱም በዝግተኛው ይሄዳሉ እንጂ የሚቃጠል ነገር የለም። «3200 ግዙ ይፈጥናል» ለምትሉም፣ 7ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ያለው 3050 ከ2400 አያልፍም፤ ትርፉን የከፈላችሁት ለስቲከሩ ነው። ሬጅስተርድ የሚባለውን የሰርቨር ራም በርካሽ አግኝታችሁ ጠፍጣፋዋ ላይ የምትሰኩም አላችሁ። ስሎቱ ውስጥ ልክክ ይላል፣ ማሽኑ ግን አይነሳም። ከዚያ «ማዘርቦርዱ ሞቷል» ተብሎ ወደ እኔ ይመጣል።

የሚያበግነኝ ደግሞ ሌላ ነው። 12ቱንም ከፈትኳቸው፤ ሁሉም የሚሽከረከረው አሮጌ ሀርድ ዲስክ ነው ያላቸው፣ ራማቸው ደግሞ ድሮውንም 8 ጊጋ ነው። ለደብዳቤና ለኤክሴል 8 ይበቃል። ያዘገማቸው ዲስኩ ነው፤ በዚያው ብር ኤስኤስዲ ቢገዛ ኖሮ ዛሬ ሥራቸውን ይዘው ነበር።

ይህን ስጽፍ ሹፌሩ ደጃፌ ላይ ቆሟል። አለቃው በስልክ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ታዲያ ከጫፉ ትንሽ ቆርጦ ማስገባት አይቻልም?»