ደመወዝ ያልተቀበሉት ወዶ ዘማቾችና በቤት የቀሩት ቤተ ሰቦቻቸው

የጦርነት ታሪክ ሲጻፍ የምሽጉና የሰንደቁ ነገር ይቀድማል፤ በቤት የቀረችው ሴት የባሏ ደመወዝ ሳይደርሳት ልጆቿን በምን እንዳሳደገች ግን ብዙ ጊዜ ሳይጻፍ ይቀራል። ዛሬ በዚህ ገጽ የምንተርከው የማሳቹሴትስ 54ኛ የወዶ ዘማች እግረኛ ሬጅመንት ታሪክ ግን ሁለቱን ለያይቶ ለመጻፍ የማይመች ነው። የምንጠራቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የአሜሪካ ሰሜንና ደቡብ ስለ አገር አንድነትና ስለ ባርነት በሚዋጉበት ዘመን ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን በጃንዋሪ 1 ቀን 1863 ዓ.ም. ባመፁት ግዛቶች ያሉት ባሮች ነፃ እንዲወጡ አዋጅ አስነገሩ፤ ጥቁሮችም ወደ ጦር ሠራዊት እንዲገቡ በዚሁ አዋጅ ተፈቀደ። ወዲያውም የማሳቹሴትስ ገዥ ጆን አንድሩ ከጦር ሚኒስቴር ፈቃድ ተቀብለው በቦስተን አጠገብ በሪድቪል ሰፈር ሬጅመንቱን ማቋቋም ጀመሩ። ሰዎቹ ከማሳቹሴትስ ብቻ ሳይሆን ከፔንሲልቫንያ፥ ከኒውዮርክና ከኦሃዮም ጭምር መጡ። በባርነት ተወልዶ ያመለጠው ስመ ጥሩው ተናጋሪ ፍሬደሪክ ዳግላስ ሌሎቹን ዝመቱ ሲል የራሱን ልጆች አላስቀረም፤ ሉዊስና ቻርልስ የሚባሉት ሁለቱ ተመዘገቡ። አዛዡ የ25 ዓመቱ ኮሎኔል ሮበርት ጉልድ ሾ ነበሩ፤ ወላጆቻቸውም ባርነትን አጥብቀው የሚቃወሙ ባለጠጎች ነበሩ። ለወታደሮቹ የተሰጣቸው ተስፋ እንደ ማንኛውም ወታደር በወር 13 ዶላር እንዲከፈላቸው ነበር።

ሬጅመንቱ በሜይ 28 ቀን 1863 ከቦስተን ተነሥቶ ወደ ደቡብ ካሮላይና ዘመተ። በጁላይ 18 ቀን ማታም የቻርልስተንን ወደብ መግቢያ የሚጠብቀውን የዋግነር ምሽግ ቀድሞ እንዲመታ ታዘዘ። 600 ያህል ሆነው በባሕሩ ዳር ባለው ጠባብ አሸዋ ላይ ገሠገሡ፤ ከ270 የሚበልጡትም ሞቱ፥ ቈሰሉ፥ ወይም ተማረኩ። ኮሎኔል ሾ ከምሽጉ ላይ ወደቁ። አምሳ አለቃ ዊሊያም ካርኒ ደጋግሞ ቢቈስልም ሰንደቁን ይዞ ወጣ፤ የክብር ሜዳይ የተሰጠው ግን ከ37 ዓመት በኋላ በ1900 ነው። ጠላት ኮሎኔሉን ከጥቁር ወታደሮቻቸው ጋር ባንድ ጕድጓድ ቀበራቸው። አባታቸው ይህን በሰሙ ጊዜ ልጄ ከወታደሮቹ መካከል አይነሣ ብለው ጻፉ።

በዚያው ወር መጨረሻ ልጇ በዚህ ሬጅመንት የዘመተባት ሐና ጆንሰን የምትባል እናት ለሊንከን ደብዳቤ ላከች። አባቷ ከሉዊዚያና ባርነት ያመለጠ ሰው ነበረ። ደቡቦቹ የሚማርኳቸውን ጥቁር ወታደሮች ለባርነት እንሰጣለን ብለው ነበርና፥ እንደ ነጮቹ ምርኮኞች እንዲታዩ ፕሬዚዳንቱ እንዲያስገድዱ ለመነች። ሊንከን ግን ደብዳቤዋ ከመጻፉ አንድ ቀን አስቀድሞ እንዲህ ያለውን ትእዛዝ ፈርመው ነበር።

ከዋግነር በኋላ ደመወዝ ከፋዩ መጣ። በ1862 የወጣው ሕግ ለጥቁሮች የወሰነው በወር 10 ዶላር ነበር፤ ከዚህም 3 ዶላር ለልብስ ሲቀነስ በእጅ የሚገባው 7 ዶላር ብቻ ሆነ። ሬጅመንቱ አንቀበልም አለ፤ የ55ኛው ሬጅመንትም እንዲሁ። ገዥው አንድሩ በኖቬምበር የጐደለውን ማሳቹሴትስ ከራሷ ግምጃ ቤት እንድትሞላ አስወሰኑ። ወታደሮቹ ይህንንም አልተቀበሉም፤ ነገሩ የገንዘብ ብቻ ሳይሆን በመንግሥት መዝገብ እንደ ሙሉ ወታደር የመቈጠር ነበረና። በኒው ቤድፎርድ የዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከበኛ የነበረው፥ በ1862 ሚስት ያገባው አሥር አለቃ ጀምስ ሄንሪ ጉዲንግ በሴፕቴምበር 28 ቀን 1863 ለሊንከን ሲጽፍ፥ እኛ ወታደሮች ነን ወይስ የጉልበት ሠራተኞች ሲል ጠየቀ።

አንባቢ እዚህ ላይ ጥቂት እንዲቆም እንወዳለን። እምቢ ያለው ወታደሩ ነው፤ ወታደሩ ግን በሰፈሩ ቀለብና ልብስ ያገኛል። እጅ ባዶ የቀረው በሩቅ ከተማ፥ ኪራይ በሚከፈልበት ቤት ነው። ከቤታቸው የተባረሩ፥ ወደ ድኾች መጠለያ የገቡ ሚስቶችና ልጆች ነበሩ። እኛ እንደሚመስለን፥ እነዚህ ሴቶች በዚህ ክርክር ከዘማቾቹ አንሰው የሚቈጠሩ አይደሉም፤ ስማቸው ግን ከጥቂቶቹ በቀር በመዝገብ አልገባም። በሰፈሩም ማጉረምረሙ እስከ አመፅ ደጃፍ ደረሰ። በሌላ ጥቁር ሬጅመንት ዊሊያም ዎከር የሚባል አምሳ አለቃ ስለዚሁ ደመወዝ ባልደረቦቹን መሣሪያ አስቀምጧል ተብሎ በፌብሩዋሪ 1864 በጥይት ተገደለ።

በመጨረሻ ኮንግሬስ በጁን 1864 እኩል ደመወዝ ወሰነ፤ ነገር ግን ውዝፉ ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚከፈለው በኤፕሪል 19 ቀን 1861 ነፃ ለነበሩት ብቻ ነው አለ። ከባርነት ያመለጡት ምን ይሁኑ? ኮሎኔል ሾን የተኩት ኮሎኔል ኤድዋርድ ሃሎዌል መሐላ አዘጋጁ፤ መሐላውም ከዚያ ቀን በፊት ማንም ሰው ያለ ዋጋ የጉልበቴ ባለዕዳ አድርጎ ሊይዘኝ አይገባም ነበር የሚል መንፈስ ነበረው። ባሪያ የነበረውም በእግዚአብሔር ፊት ነፃ ነበርሁ ብሎ በእውነት መማል ይችላል። ዘመናችንን በመሐላ ቃል አጻጻፍ ያሳለፍን ሰዎች ነንና፥ እንዲህ በብልሃት የተሠራ መሐላ ብዙ አላየንም።

ገንዘቡ ከ18 ወር በኋላ፥ በ1864 መጸው ተከፈለ። ከ50,000 ዶላር የሚበልጠውን ወታደሮቹ ወዲያው ወደ ቤታቸው ላኩ።

አሥር አለቃ ጉዲንግ ግን ከተቀባዮቹ መካከል አልነበረም። በፌብሩዋሪ 20 ቀን 1864 በፍሎሪዳ በኦሉስቲ ጦርነት ቈስሎ ተማረከ። በዚያ ጦርነት የቈሰሉትን የጫነው ባቡር በተበላሸ ጊዜ የሬጅመንቱ ሰዎች በገመድ እየጐተቱ አውጥተውታል። ጉዲንግ ወደ ጆርጂያ፥ ወደ አንደርሰንቪል የምርኮኞች ሰፈር ተወሰደ፤ በጁላይ 19 ቀንም፥ ሕጉ ከወጣ አንድ ወር ያህል ሲሆነው፥ እዚያው ሞተ። የቀሩት ጓደኞቹ በኦገስት 1865 ተሰናብተው በሴፕቴምበር 2 ቀን ቦስተን ገቡ፤ ሬጅመንቱም በዚያ ተበተነ።