ለጂም የጂሙን፣ ለቤት የቤቱን

በሳምንት ሁለት ቀን ጂም የሚገባ ሰው በቀሩት አምስት ቀናት ምን ይሥራ? አንዳንዱ «ጂም እሠራ የለ!» ብሎ ከመኪና ወንበር ወደ ቢሮ ወንበር ሲዛወር ይከርማል። ሌላው ደግሞ በየማለዳው ክንዱ እስኪዝል ፑሽ አፕ ይሠራና ጂም ሲደርስ የለመደው ብረት ይከብደዋል። ሁለቱም ጂምና ቤት አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ መስሏቸዋል።

ጡንቻ የሚጠነክረው ከለመደው በላይ ሲጫንበት ነው። ለጂም ገንዘብ የሚከፈለውም ለዚሁ ነው፤ ዛሬ 40 ኪሎ ያነሳ ሰው ከሳምንታት በኋላ 42 ተኩል ማድረግ ይችላል። ቤት ውስጥ ያለው ጭነት ግን የራስ ክብደት ነው። 10 ፑሽ አፕ ይከብደው የነበረ ሰው 30 ከደረሰ በኋላ የሚጨምርለት በአመዛኙ ጽናት እንጂ ጉልበት አይደለም። (ቦርሳ ውስጥ መጽሐፍ እየጨመሩ የሚሠሩም አሉ፤ ለጊዜው ያስኬዳል።) ከሁሉ በላይ ቤት ውስጥ የሚጎተት ነገር የለም። ለመግፋት ወለሉ ይበቃል፤ ጀርባን የሚያሠራው መሳብ ግን ጠንካራ አግዳሚ ብረት ወይም ክብደት ይፈልጋል። ስለዚህ የጂም ሰዓቱን በፑሽ አፕና በሆድ እንቅስቃሴ የሚጨርስ ሰው ይገርመኛል። ቤቱ የማይሰጠውን ቢሠራበት ይሻለው ነበር፦ መሳብ፣ ብረት ተሸክሞ ቁጭ ብድግ፣ ዴድሊፍት (ብረትን ከወለል ማንሳት)።

የቤቱ ድርሻ ሌላ ነው። የሚሠራ ጡንቻ ያለ ኢንሱሊን እገዛም ጭምር ከደም ውስጥ ስኳር ይወስዳል፤ ከምሳ በኋላ ጥቂት ደቂቃ መራመድ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ይህን ጥቅም ማክሰኞ ሠርቶ እስከ ዓርብ ማቆየት አይቻልም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር እንቅስቃሴ የሚቆጠረው ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳይቋረጥ ከተሠራ ነበር። በ2020 ይህን ገደብ አንስቶታል። ጀበናው እስኪፈላ የተሠራ ቁጭ ብድግም፣ በእግር የተወጣ የኮንዶሚኒየም ደረጃም አሁን ይቆጠራል። ያው ድርጅት ግን በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ እንዲኖር መምከሩን አልተወም።

የቤቱ እንቅስቃሴ የጂሙን ቀን እንዳይበላ፣ ድካም ሳይመጣ ማቆም ያስፈልጋል። 15 ፑሽ አፕ መሥራት የሚችል ሰው 7 ወይም 8 ላይ ያቁም። ጀማሪ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያገኘው ጉልበት ጡንቻው ስላደገ ሳይሆን በአብዛኛው ነርቩ ጡንቻውን ማዘዝ ስለተማረ ነው፤ ለዚህ ትምህርት ደግሞ ሳይደክሙ መደጋገም ይረዳል።

ሥራ ሲበዛ ወይም ክፍያው ሲከብድ ከጂም መራቅ ይመጣል። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ተሳታፊዎችን ለ16 ሳምንታት በሳምንት ሦስት ቀን ካሠራ በኋላ ከፊሎቹን ወደ አንድ ቀን ዝቅ አደረጋቸው። ከእነዚህ ወጣቶቹ፣ የሚሠሩት ዙርም ተቀንሶ የእንቅስቃሴያቸው ብዛት ወደ አንድ ዘጠነኛ ቢወርድም፣ ያዳበሩትን ጡንቻ ለ32 ሳምንታት አቆይተዋል። ከ60 እስከ 75 ዓመት የሆናቸው ግን ጉልበታቸው በአብዛኛው ቢቆይላቸውም ጡንቻቸው ቀንሷል። እናም ወላጆቻችሁን ጂም ካስጀመራችሁ «በሳምንት አንድ ቀን ይበቃል» አትበሏቸው።