ያነሰ ነጥብና ሁለተኛው ፈተና

በአሜሪካን አገር ሕግ ለመማር የሚሻ ወጣት እንደኛ አገር ተማሪ ከሁለተኛ ደረጃ ተነሥቶ ለሕግ ዲግሪ አይመዘገብም። አስቀድሞ የመጀመሪያ ዲግሪውን ይይዛል፤ ከዚያም ብዙውን ጊዜ ኤልሳት የሚባለውን የመግቢያ ፈተና ይቀመጣል። ፈተናው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1948 ዓ.ም. የተጀመረ ሲሆን ነጥቡ ከ120 ተነሥቶ እስከ 180 ይደርሳል። በዋሽንግተንና በአካባቢው ከሚያድጉት የወገኖቻችን ልጆች መካከል ጠበቃ ለመሆን የሚያስቡ ስላሉ፣ ከዚህም ተሻግረው ለመማር የሚመኙ ወዳጆች ስላሉን ስለ ነገሩ ጥቂት ብንጽፍ አንባቢያን አይጠሉትም ብለን እናምናለን። (እዚህ በሕግ ተመርቆ ለማስተርስ የሚሄድ ሰው ግን በአብዛኛው ይህን ፈተና አይጠየቅምና በከንቱ አይጨነቅ።)

እንግዲህ አንድ ወጣት 160 አገኛለሁ ብሎ ሲጠብቅ 151 መጣለት እንበል። ከነጥቡ ቀድሞ የሚያስጨንቀው የቤተ ሰቡ ነገር ነው። እናት ለጎረቤት ነግራለች፤ አጎት ከአገር ቤት እየደወለ «ጠበቃችን» ሲለው ከርሟል፤ ቡና ላይ ደግሞ «ስንት መጣልህ?» የማይል የለም። ወጣቱም ኀፍረቱን ለመሸፈን ሲል በማግሥቱ ለሚቀጥለው ፈተና ይመዘገባል። በኛ አስተያየት ከነጥቡ ማነስ ይልቅ የሚጎዳው ይህ ጥድፊያ ነው።

ፈተናው ያለ ገደብ አይወሰድም። ነጥብ ለትምህርት ቤቶች በሚገለጽበት የ5 ዓመት ዘመን ውስጥ 5 ጊዜ፣ በዕድሜ ልክ ደግሞ 7 ጊዜ ብቻ ይፈቀዳል፤ ተፈታኙ ነጥቡን ቢያሠርዝ እንኳ ከቁጥር አይወጣለትም። ክፍያውም በያንዳንዱ ጊዜ ከ200 ዶላር በላይ ነው።

ይህን ስንል መድገም ነውር ነው ማለታችን አይደለም። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር በ2006 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ትምህርት ቤቶች የተማሪዎቻቸውን ከፍተኛ ነጥብ እንዲያስታውቁ ካደረገ ወዲህ ሁሉም ነጥብ ቢታይም ይበልጥ የሚመዝነው የላቀው ነው። ከፍ ያለ ነጥብም በር ከመክፈት አልፎ የትምህርት ክፍያ ርዳታ ሊያስገኝ ይችላል። የ3 ዓመት ዕዳ ተሸክሞ ለሚመረቅ የስደተኛ ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ታዲያ ማን ይድገም? ወጣቱ በቤቱ ሰዓት ይዞ፣ ሙሉውን ፈተና ሳያቋርጥ ሲለማመድ ስንት ያገኝ እንደነበር ይመልከት። 158 እና 159 ያገኝ የነበረ እንደሆነ ዕለቱ ከድቶታልና ይድገም። ልምምዱም 151 የነበረ እንደሆነ ግን ፈተናው አልበደለውም፤ ያለውን ነገረው እንጂ። ለዚህ ሰው የሚያስፈልገው ሌላ ቀጠሮ ሳይሆን ሌላ ዝግጅት ነው፤ ይኸውም የወራት ሥራ ነው። የአንድና የሁለት ነጥብ ልዩነትን ፈተናው ራሱ በእርግጥ አይለየውም፤ ነጥቡ ሲገለጽ ከላይና ከታች የጥቂት ነጥብ ወሰን አብሮ የሚሰጠው ስለዚሁ ነው።

ዝግጅቱ ምን ይሁን? ፈተናው የሕግ ዕውቀት አይጠይቅም፤ የሰው ክርክር አስነብቦ ቀዳዳውን ፈልግ ይላል። አያቶቻችን በበላ ልበልሃ ያሸንፉ የነበሩት በአንደበት ጭምር ነበር፤ እዚህ ግን አንደበት አይረዳም፣ በ35 ደቂቃ ውስጥ በዝምታ ማሰብ ነው። ስለዚህ የሳቱትን ጥያቄ መልሱን አይቶ «ለካ!» ብሎ ማለፍ አይጠቅምም። ትክክለኛው ለምን ትክክል እንደሆነ፣ የመረጡትም በየትኛው ቃል እንደሳተ በደብተር ሊጻፍ ይገባል። አሰልቺ ነው፤ ብዙዎች የሚያቋርጡትም እዚህ ላይ ነው።

ከታላቅ ወንድም የተወረሰ የልምምድ መጽሐፍ ያለውም ይጠንቀቅ፤ ሰዎችን በወንበር የማደላደሉ ዓይነት እንቆቅልሽ ከኦገስት 2024 ጀምሮ ከፈተናው ወጥቷል። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ ስለማይቀነስ ባዶ የሚተው ጥያቄ አይኑር።

አስቸጋሪው የጊዜው ነገር ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ እንደደረሳቸው እየመረጡ ቦታ ስለሚሞሉ፣ በክረምቱ አጋማሽ ደግሞ የሚፈተን ሰው የቀረው ቦታ ጥቂት ሆኖ ሊጠብቀው ይችላል። ባልተዘጋጀ ነጥብ ዘንድሮ ከመሮጥ አንድ ዓመት ሥራ ይዞ፣ ማታ ማታ አጥንቶ በሚመጣው መስከረም ቀድሞ ማመልከት የሚሻል ይመስለናል። እስከዚያው ቡና ላይ ለሚጠይቁት «ገና እየተዘጋጀሁ ነው» ቢላቸው ሐሰት አይሆንበትም።