የወረፋው ባለአደራዎች

ዱመርሶ ላይ የልጅ ጉሮሮ መታመም ወሬ አይሆንም። ቀበሌዋ ከይርጋጨፌ ብዙም አትርቅም፤ ኅዳር ገብቶ እሸቱ ሲቀላ ትልቁም ትንሹም ቡና ለቀማ ላይ ነው። ምራቁን መዋጥ ያቃተውን ልጅ እናቱ ግንባሩን ዳሰስ አድርጋ "ቶንሲል ይዞት ነው" ትላለች፤ ለብ ባለ የጨው ውኃ ታጉመጠምጠዋለች። በሦስተኛው ቀን ልጁ ተነስቶ ይሮጣል። የብዙዎቹ ነገር በዚሁ ያበቃል።

የአንዳንዱ አያበቃም። ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ ጉልበቱ ያብጥና ያቃጥለዋል፤ ጉልበቱን ሲተወው ወደ ቁርጭምጭሚቱ፣ ከዚያም ወደ ክርኑ ይዞራል። "ብርድ መትቶት ነው" ይባላል፤ ቅቤ ይታሻል። ይህም ያልፋል። ዓመታት ሲቆጠሩ ግን ከእኩዮቹ ጋር ዳገት ሲወጣ ወደ ኋላ የሚቀር፣ ሌሊት ጋደም ሲል ትንፋሹ የሚያጥረውና ቁጭ ብሎ የሚያድር ልጅ ይሆናል። ጉሮሮውን ያመመው ተህዋስ ስትሬፕቶኮከስ ይባላል። ሰውነት እሱን ሊዋጋ የላከው መከላከያ ተሳስቶ የራሱን ልብ አጥቅቷል፤ የልብ በሮች፣ ሐኪሞች ቫልቭ የሚሏቸው፣ ጠባሳ ይዘው አልከፈት ወይም አልዘጋ ብለዋል። በሽታው በአብዛኛው የሚጀምረው ከ5 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው፤ ስሙም ሩማቲክ የልብ ሕመም ይባላል።

እንዲህ ያለውን ልጅና ልቡ ላይ ክፍተት ይዞ የተወለደውን ሕፃን የሚቀበል አንድ ቤት አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ አለ፦ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል። ማዕከሉን ያቆመው በ1980ዎቹ መጀመሪያ የሕፃናት የልብ ሐኪሙ ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ያኔ አገር ውስጥ ለእነዚህ ልጆች ቀዶ ሕክምና ስላልነበረ መዳኛው አውሮፕላን ነበር፤ ውጭ አገር አልጋ የሚሰጥ ሆስፒታል፣ ትኬት የሚቆርጥ ለጋስ መለመን ያስፈልግ ነበር። የእስራኤሉ "የሕፃን ልብ እናድን" የሚባለው ድርጅት እንኳ በ1995 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ለሁለት ኢትዮጵያውያን ልጆች በቀረበ ልመና ነው፤ ዶክተር አሚ ኮኸን ልመናውን ሰምቶ እሺ አለ። ግን በልመና የሚሄደው ልጅ ስንት ነው? የዶክተር በላይ ሐሳብ ቀዶ ሕክምናውን ራሱን ወደ አገር ማምጣት ነበር። ገንዘቡ ከትልልቅ ለጋሾችም ከተራው ሕዝብ ኪስም ተሰበሰበና በ2001 ዓ.ም. ማዕከሉ ተከፈተ። መጀመሪያ ላይ ቢላውን የሚይዙት በሰር መግዲ ያቁብ የተመሠረተውን "የተስፋ ሰንሰለት"ን ከመሰሉ ድርጅቶች ጋር የሚመላለሱ የውጭ ሐኪሞች ነበሩ፤ ኋላ ኢትዮጵያውያን ቀዶ ሐኪሞች ተረከቡት።

ሕንፃው ሲቆም፣ ሐኪሙ ሲሠለጥን፣ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። የዚህ ዓይነት ድርጅት አመራር ሥራ የሚጀምረው ግን እዚያ ላይ ነው። ልብ ሲከፈት ደሙን ተቀብሎ ኦክሲጅን እየሰጠ ወደ ሰውነት የሚመልስ ማሽን አለ፤ በማሽኑ ላይ የሚገጠመው ኦክሲጅኔተር የሚባለው ዕቃ ለአንድ ልጅ አንድ ጊዜ ብቻ አገልግሎ ይጣላል። አገር ውስጥ አይሠራም፤ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። ቀዶ ሐኪሙ ተዘጋጅቶ፣ ልጁ ምግብ ተከልክሎ አድሮ፣ ይህ አንድ ዕቃ ጉምሩክ ላይ ቢቀር ቀዶ ሕክምናው የለም። ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ ጠዋት ቢሮው ሲገባ የሚጠብቀው ጉዳይ የዕቃ ግዥ፣ የባንክ ደብዳቤና የመጋዘን ቆጠራ ነው። አሰልቺ ይመስላል፤ እኔ ግን ከዚህ የከበደ አደራ አላውቅም። በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ወረፋ ይጠብቃሉ፤ ያለቀ ዕቃ ሳይታዘዝ የሚያልፍበት እያንዳንዱ ሳምንት ደግሞ ከወረፋው ላይ ልጅ ያስቀራል።

ከሥራ አስኪያጁ በላይ ቦርድ አለ፤ ብዙ ጊዜ ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ ሰዎች ይሰበሰቡበታል። ሒሳቡ በውጭ ኦዲተር ይመረመራል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የቀድሞው አዋጅ 621/2001 ጣሪያውን 30 በመቶ ላይ ቢያስቀምጥም ለሥልጠናና ለጉዞ የሚወጣውን ብዙውን ብር በአስተዳደር ወጪ ይቆጥር ስለነበር፣ ነርስ ማሠልጠን እንደ ቢሮ ወንበር መግዛት ይታይ ነበር። ሕጉ መሻሻሉ ልክ ነው። ሆኖም ለጋሹ አሁንም "ብሬ ለልጁ ብቻ ይዋል" ይላል። የዕቃ ግዢ ሠራተኛዋ ደመወዝም ለልጁ መዋሉን ማስረዳት ራሱ የአመራሩ የየዕለት ሥራ ነው።

ቤተሰቡስ? ቀዶ ሕክምናው ለልጁ በነፃ ነው። ዱመርሶ ላለች እናት ግን ነፃ የሚባለው ነገር ከአዲስ አበባ በወዲህ የለም። ከመንደሯ ዲላ፣ ከዲላ ወደ 360 ኪሎ ሜትር አዲስ አበባ ትጓዛለች፤ የምታድርበት ቤት፣ የምትበላው፣ ቤት የቀሩት ልጆች፣ ያልተለቀመው ቡና ሁሉም ይጠብቋታል። ቋንቋም አለ። የጌዴኦን ቋንቋ ጌዴኡፋን ብቻ የምትናገር እናት "ጠዋት ምንም እንዳይቀምስ" ስትባል ራሷን ነቅንቃ፣ ነገሩ ሳይገባት ልጇን ቁርስ ልታበላው ትችላለች፤ ቀጠሮውም ይፈርሳል። ይህን ቀድሞ የሚያስበው የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛው ነው፤ እሱን ከቀዶ ሐኪሙ እኩል የሚሰማ አመራር ያለበት ድርጅት ነው ቤተሰብን ረዳ የሚባለው። ይህን ወላጆች ራሳቸው በመሠረቷቸው ድርጅቶች ውስጥ አጥርተን እናየዋለን። አቶ ወንዱ በቀለና ወይዘሮ አምሳለ በየነ ማቲዎስ የተባለ ሕፃን ልጃቸውን በደም ካንሰር ካጡ በኋላ በ1996 ዓ.ም. በስሙ የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን አቋቋሙ፤ ሶሳይቲው ከክልል ለሚመጡ ሕሙማን ማረፊያ አዘጋጅቷል። ካንሰር የያዛቸው ልጆች ወላጆች ያቋቋሙት ተስፋ አዲስም እንዲሁ ከመድኃኒት ጋር መኝታና ምግብ ያስባል። አልጋ አጠገብ ያደረ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው እናትየዋ የት እንዳደረች ነው።

አመራሩ ከሐኪሞቹ ጋር ተቀምጦ ሲወስን ከሁሉ የሚከብደው ግን የቫልቩ ጉዳይ ይመስለኛል። የተበላሸ ቫልቭ ሲቻል ይጠገናል፤ ካልሆነ ብዙ ጊዜ በብረት ቫልቭ ይተካል። የብረቱ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ደም እንዳይረጋበት ልጁ ዕድሜ ልኩን ዋርፋሪን የሚባል ደም ማቅጠኛ መዋጥ፣ ደሙንም በየጊዜው ማስለካት አለበት። መጠኑ ካነሰ ደሙ ይረጋል፤ ከበዛ ልጁ ይደማል። ሴት ልጅ ከሆነች አድጋ ስታረግዝ መድኃኒቱ ለእሷም ለፅንሱም አደጋ አለው። ከዚህ ሁሉ ላይ ጎመን አለ። ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪንን ኃይል ይቀንሳል፤ ጌዴኦ ቤት ደግሞ ቆጮ ያለ ጎመን ብዙም አይቀርብም። ልጁ ጎመን አይብላ ማለት አይደለም፤ በየሳምንቱ ተቀራራቢ መጠን ይብላ ነው። ይህን ለቤተሰቡ በቋንቋው የሚያስረዳ፣ ደሙን ዲላ ላይ የሚለካለት ሰው ከሌለ አዲስ አበባ ላይ የተሳካው ቀዶ ሕክምና መንደር ሲደርስ ይፈርሳል። ለዚህ ነው ሐኪሞች ከሩቅ ለመጣ ልጅ መጠገንን የሚመርጡት። ለዚህም ነው ጥሩ አመራር ልጁን ወደ ቀዶ ክፍል ከማስገባቱ በፊት "ቤቱ የት ነው?" ብሎ የሚጠይቀው።

ወረፋው የሚያጥረው ደግሞ ከዚያው ከዱመርሶ ነው። ጉሮሮ በጊዜው በፔኒሲሊን ከታከመ ሕመሙ ልብ ላይ ሳይደርስ ይቀራል። ለጉሮሮ ሕመም ተብሎ እንጥል ማስቆረጥ ከተህዋሱ አያድንም፤ ቁስል ብቻ ይጨምራል። አንዴ ሩማቲክ ትኩሳት የያዘው ልጅ ደግሞ በየሦስት ወይም አራት ሳምንቱ አንድ መርፌ፣ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን፣ ለዓመታት መወጋት አለበት፤ ልቡ የተነካ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ለረዘመ ጊዜ። መርፌው ወፍራም ነው፣ ያማል፣ ልጅ ይሸሸዋል። ዋጋው ግን ከአንድ ኦክሲጅኔተር ጋር ለንጽጽር አይቀርብም። በየቀበሌው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የትኛው ቤት ትንፋሹ የሚያጥረው ልጅ እንዳለ ያውቃሉ፤ የለቀማ ወር ላይ ማን መርፌውን እንደሚዘነጋም ያውቃሉ። የአዲስ አበባው ድርጅት ስልክ ደውሎ "ያ ልጅ የዚህን ወር ወሰደ ወይ?" የሚላቸው ከሆነ እነሱም የድርጅቱ አመራር አካል ናቸው፤ ደመወዛቸው ከሌላ ቦታ ቢከፈልም።

የመርፌው ካርድ የታጠፈ ወረቀት ነው፤ ቀኖቹ በእስክሪብቶ ተጽፈውበታል፤ እናት በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛው ትዞራለች። የኅዳሩ መስመር ባዶ ከሆነ ጤና ጣቢያው ላይ ያለችው ነርስ ታየዋለች፣ ቡናው ጋ ሰው ትልካለች፣ ልጁም እጁ በእሸት ጭማቂ እንደተቀባ ተጠርቶ ይመጣል።